የመረጃ ቋት አጋዥ ኮድ

የመረጃ ቋት አጋዥ ኮድ ማለት ከተዛማጅ የመረጃ ቋት ወይም ከሪሌሽናል ዳታቤዝ መረጃ ለማውጣት በተደጋጋሚ የሚያስፈልጉ ሥራዎችን አንድ ቦታ ሰብስቦ የያዘ፣ ባስፈለገ ጊዜ በስሙ እየተጠራ የሚሠራ የፕሮግራም ክፍል ነው።

ተዛማጅ የመረጃ ቋት መረጃን በረድፍና በዓምድ በተከፈሉ ሰንጠረዦች ያስቀምጣል። ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ1970 ያቀረበው የአይቢኤም ተመራማሪ ኤድጋር ኮድ ነው። ኤስኪውኤል የተባለው የመጠይቅ ቋንቋ መነሻ ደግሞ በዚያው ድርጅት በዶናልድ ቻምበርሊንና በሬይመንድ ቦይስ እ.ኤ.አ. በ1974 ቀረበ።

አጋዥ ኮድ በሌለበት ፕሮግራም እያንዳንዱ ገጽ ለየብቻው ግንኙነት ይከፍታል፣ መጠይቅ ይልካል፣ ረድፎቹን ያነባል፣ ግንኙነቱን ይዘጋል። አንድ ቦታ ላይ መዝጋቱ ከተረሳ ክፍት ግንኙነቶች ይጠራቀሙና ቋቱ አዲስ ጠያቂ መቀበል ያቆማል። አጋዥ ፈንክሽን መጠይቁንና የሚፈለጉትን ዋጋዎች ተቀብሎ ረድፎቹን ብቻ ይመልሳል፤ ስህተት ቢፈጠር እንኳ ግንኙነቱን ዘግቶ ይወጣል።

ዋጋዎቹ ከመጠይቁ ጽሑፍ ጋር መቀጣጠል የለባቸውም፤ ለብቻቸው መላክ አለባቸው። «በእውቀቱ» የሚለው ስም በላቲን ፊደል ሲጻፍ አንዳንድ ጊዜ በመካከሉ ነጠላ ጥቅስ ይገባበታል። ኤስኪውኤል ይህን ምልክት የጽሑፉ መጨረሻ አድርጎ ስለሚወስደው መጠይቁ ይበላሻል። ተንኮለኛ ሰው ደግሞ በዚያው ቀዳዳ የራሱን ትእዛዝ ሊያስገባ ይችላል።

የአማርኛ ፊደልና ፍለጋ

በአማርኛ መረጃ ላይ አጋዥ ኮድ ሌላ ከባድ ሥራ አለበት። ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ በአማርኛ ድምፃቸው አንድ ቢሆንም ለኮምፒዩተር የተለያዩ ፊደላት ናቸው። የደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁ ስም በሞክሼ ፊደላት ብቻ 144 ዓይነት ሊጻፍ ይችላል፤ ለ«ሐ» 6፣ ለ«ስ» 2፣ ለ«ዓ» 4፣ ለ«ሁ» 3 አማራጭ አለና። አብዛኞቹን ማንም አይጽፋቸውም፤ ጥቂቶቹ ግን በየመዝገቡ አሉ። በጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የታካሚው ስም በ«ሐ» ተመዝግቦ በ«ሀ» ቢፈለግ «የለም» ይባላል፣ አዲስ ካርድ ይወጣለታል፣ የቀድሞ ሕክምናው ከሐኪሙ ዓይን ይሰወራል።

መፍትሔው ሞክሼዎቹን ወደ አንድ ፊደል የሚመልስ ፈንክሽን ጽፎ ስሙ ሲመዘገብም ሲፈለግም በእርሱ ማሳለፍ ነው። የተስተካከለው ስም በተጨማሪ ዓምድ ይቀመጥና ኢንዴክስ ይሠራለታል፤ በፍለጋ ጊዜ ሁሉንም ረድፍ እያስተካከሉ ማወዳደር ሰንጠረዡ ሲያድግ እጅግ ይዘገያል። የመጀመሪያው አጻጻፍ ግን መጥፋት የለበትም። «ሠረቀ» ወጣ፣ በራ ማለት ሲሆን «ሰረቀ» ሌብነት ነው፤ «ድኅነት» እና «ድህነት»ም እንዲሁ ይራራቃሉ። በቅኔ ትምህርቱ በሚታወቀው በደብረ ኤልያስ እንዲህ ያለውን ልዩነት ማፍረስ ነውር ነው።

የዚሁ የምሥራቅ ጎጃም ወረዳ ስም ሌላ ችግር ያሳያል። «ኤልያስ» እና «ኤሊያስ» የሚለያዩት በሞክሼ ፊደል ስላልሆነ ያ ፈንክሽን አያገናኛቸውም። ስለዚህ ወረዳዎች በራሳቸው ሰንጠረዥ አንድ ጊዜ ተመዝግበው መለያ ቁጥር ይሰጣቸዋል፤ መዝጋቢው ከዝርዝር ይመርጣል እንጂ ስሙን አይጽፍም። አጋዥ ኮዱም ሁለቱን ሰንጠረዦች በቁጥሩ ያገናኛል።

ቀን

የብዙ ቋቶች የቀን ዓይነት የሚያውቀው የጎርጎርዮስን አቆጣጠር ነው። የኢትዮጵያ ቀን እንዳለ ቢገባ ጳጉሜን 13ኛ ወር ስለሆነ አይቀበለውም፤ ጥቅምት 30ንም «የፌብሩዋሪ 30» ብሎ ይመልሰዋል። የከፋው የሚቀበለው ነው፤ መስከረም 5 ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ጃንዩዋሪ 5 ሆኖ ይቀመጣል። ስለዚህ ቀያሪው ፈንክሽን በመግቢያና በመውጫ ላይ ይቀመጣል፤ በመካከል ያለው ፕሮግራም በአንድ አቆጣጠር ብቻ ይሠራል።