የመጀመሪያው እጣቢ

(ምስል፦ ዶሮ መዝለያ፣ ማለዳ። ለአስር ሰከንድ የውኃ ድምፅ ብቻ።)

ተራኪ፦ ቦርከና ከደሴ የሚወጣው በዶሮ መዝለያ ጠባብ ገደል ሾልኮ ነው። ኮምቦልቻ ይወርዳል፤ ሐርቡንና ከሚሴን ያልፋል፤ ጨፋ ላይ ተንጣልሎ ረግረግ ይሆናል፤ ከዚያም ወደ አዋሽ። አዋሽ ደግሞ ባሕር አይደርስም፤ አፋር ምድር፣ አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል። ቦርከና የተሸከመውን ተቀብሎ የሚያቀጥን ውቅያኖስ የለም።

ኮምቦልቻ ላይ የፋብሪካ ፍሳሽ ሲነሳ ሰው የሚያወራው ስለ ቀለሙና ስለ ሽታው ነው። በ2013 እና በ2014 እ.ኤ.አ. ወደ ቦርከና ገባሮቹ ለዮሌና ወርቃ ወንዞች የሚገባውን ፍሳሽ የመረመሩ ተመራማሪዎች፣ ከቆዳ ፋብሪካ ክሮሚየም፣ ከብረት ፋብሪካ ዚንክ በከፍተኛ መጠን አግኝተዋል። የመድኃኒት ቅሪት ግን ቀለም የለውም፤ አይሸትም። ኩልል ያለ ውኃ ውስጥም ሊኖር ይችላል።

(ድምፅ፦ ልብስ ድንጋይ ላይ ሲታጠብ።)

1964 እ.ኤ.አ.፣ አድዋ። ዶክተር አክሊሉ ለማ ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች ፍለጋ በወንዝ ዳር ይዞራሉ። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ያጥባሉ። ከሚያጥቡበት በታች ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው ይንሳፈፋሉ፤ ከበላይ ያሉት ግን ደህና ናቸው። ተመራማሪው ከላይ ካሉት ጥቂቱን በሕይወት ለቀሙና ዕቃ ውስጥ አደረጉ። ከዚያም ከሴቶቹ አንዷን፣ ከእንዶድ አረፋዋ ጨመር እንድታደርግበት ለመኗት። ጨመረች። ቀንድ አውጣዎቹ ብዙም ሳይቆዩ ሞቱ።

ቀጥሎ የሆነው የታወቀ ነው። አድዋ ላይ ለአምስት ዓመት በተካሄደው ሙከራ፣ ከ1 እስከ 6 ዓመት ባሉ ሕፃናት ዘንድ የቢልሃርዚያ ስርጭት ከ50 ወደ 7 በመቶ ወረደ። በ1989 እ.ኤ.አ. አክሊሉ ለማና ለገሠ ወልደ ዮሐንስ የራይት ላይቭሊሁድን ሽልማት ተቀበሉ። ለዚህ ዝግጅት ግን የምትበልጠው ያቺ የወንዝ ዳር ቅጽበት ናት። ሴቶቹ መርዝ አልደፉም፤ ልብስ አጠቡ። እጣቢው ሥራውን የሠራው ከእነሱ በታች ነው።

እንዶድ ደግሞ ምሕረት አለው፤ ውኃ ውስጥ በቀናት ፈርሶ ይጠፋል። መድኃኒት የሚቀመመው ቶሎ እንዳይፈርስ ነው። የሚጥል በሽታ መድኃኒት የሆነው ካርባማዜፒን በተለመደው የፍሳሽ ማጣሪያ ገብቶ እምብዛም ሳይነካ ይወጣል።

አክሊሉ አድዋ ላይ በነበሩበት በዚያው ዓመት አዲስ አበባ ውስጥ ኢፋርም የተባለው የመድኃኒት ፋብሪካ ተመሠረተ። በአማራ ክልል ደግሞ በሰሜን ሸዋ፣ በሐገረ ማርያም ከሰም ወረዳ፣ ሂዩማንዌል በ2018 እ.ኤ.አ. ተመረቀ። የአገራችን መድኃኒት ፋብሪካዎች በአብዛኛው ዋናውን ንጥረ ነገር ከውጭ አስመጥተው ይቀምማሉ፣ እንክብል ያደርጋሉ፣ በጠርሙስ ይሞላሉ። ስለዚህ መድኃኒቱ ወደ ፍሳሽ የሚገባበት ዋናው በር እጥበት ነው። ማሽኑ ከአንዱ መድኃኒት ወደ ሌላው ሲዛወር፣ ያለፈው ቅሪት ከሚቀጥለው እንዳይደባለቅ ሙልጭ ተደርጎ መታጠብ አለበት። ለታማሚው የተደረገው ጥንቃቄ ለወንዙ ሸክም ሆኖ ይወርዳል።

መፍትሔው የሚጀምረው ማንኛዋም ባለሙያ ሴት ማጀቷ ውስጥ ከምታውቀው ነገር ነው፤ ድስት ሳይጠረግ ውኃ አይፈስበትም። ዱቄቱ በደረቁ ይጠረጋል። የመጀመሪያው እጣቢ፣ መጠኑ ትንሽ፣ መድኃኒቱ ብዙ የሆነው፣ ለብቻው ተጠራቅሞ በከፍተኛ ሙቀት ይቃጠላል። የቀረውን ስኳርና ስታርች በገንዳ ያሉ ባክቴሪያዎች ይበሉታል። ፀረ ተሕዋስያን ከተቀላቀለበት ግን ባክቴሪያዎቹን ራሳቸውን ይገድላቸዋል፤ ስለዚህ አስቀድሞ በኦዞን፣ ወይም በብረትና በሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ ሞለኪውሉን መሰባበር ያስፈልጋል። መጨረሻ ላይ ከሰል አለ፤ ለዚሁ ተብሎ የተዘጋጀ፣ ቀዳዳው የበዛ። ከሰሉ መድኃኒቱን ይይዛል እንጂ አያጠፋም። ሲጠግብ በአግባቡ ካልተቃጠለ፣ ችግሩ ቦታ ለወጠ እንጂ አልተወገደም።

ማጣሪያ መኖሩ ብቻውን እንደማያድን ሕንድ ውስጥ ፓታንቼሩ አሳይታለች። በ2007 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ 90 ገደማ መድኃኒት አምራቾችን ከሚያገለግል ማጣሪያ በወጣ አንድ ሊትር ውኃ ውስጥ እስከ 31 ሚሊ ግራም ሲፕሮፍሎክሳሲን አገኘ። ይህ የተለካው ተጣራ በተባለው ውኃ ውስጥ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለፀረ ተሕዋስያን ፋብሪካዎች ፍሳሽ መመሪያ ያወጣው በ2024 እ.ኤ.አ. ነው፤ ዘግይቷል።

(ምስል፦ መንገዱ ሽቅብ፣ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ።)

ይህ ዝግጅት ሲታሰብ ፋብሪካ በር ላይ ያበቃ ነበር። ውኃው ግን ሽቅብ መለሰው። በ2022 እ.ኤ.አ. የታተመ፣ በ104 አገሮች 258 ወንዞችን የመረመረ ጥናት ከፍተኛውን የመድኃኒት ክምችት ያገኘው በላሆር፣ በላ ፓዝና በአዲስ አበባ ነው። በብዛት ከተገኙት አንዱ የስኳር መድኃኒቱ ሜትፎርሚን ነበር። ሜትፎርሚን ከሰውነት ሳይለወጥ በሽንት ይወጣል። ደሴ ደግሞ ከኮምቦልቻ በላይ ናት፤ ከነሆስፒታሎቿ፣ ጠዋት ማታ ክኒን ከሚዋጥባቸው ቤቶቿ ጋር። እጣቢው ከማሽን ብቻ አይወርድም።

(ምስል፦ ጨፋ፣ በጋ። የከብት ደወል።)

ዝናብ ሲጠፋ የአፋር፣ የኦሮሞና የአርጎባ አርብቶ አደሮች መንጋቸውን ነድተው ወደዚህ ረግረግ ይመጣሉ። ላሞቹ አንገታቸውን ደፍተው ይጠጣሉ። ከኋላቸው አንድ ልጅ፣ ቢጫ ጀሪካኑን ውኃው ውስጥ አጋድሞ እስኪሞላ ይጠብቃል።