ካይት ስትገዙ መጀመሪያ መልቀቂያውን ጠይቁ

ባለፈው ወር፣ እሁድ ማታ፣ የአክስቴ ልጅ በቴሌግራም ፎቶ ላከልኝ። ሣር ላይ የተዘረጋ ቀይና ጥቁር ትልቅ ካይት ነው። ከሥሩ «ብሮ፣ 9 ሜትር ነው። ያገለገለ ስለሆነ በ300 ዶላር ይሰጠኛል። ነገ ልወስደው ነው፤ እንዴት አየኸው?» ይላል።

ልጁ 19 ዓመቱ ነው። ቢመዘን 62 ኪሎ አይሞላም። እንዲህ ያለ ካይት በእጁ ይዞ አያውቅም። መጻፉ አላዋጣኝም፤ ደወልኩለት።

«እንዳትገዛው» አልኩት፣ ሰላም እንኳ ሳልለው።

«ለምን? በዚህ ዋጋ እኮ አይገኝም!»

«ነገ ከሥራ ስትወጣ ቤት ና። ቡና እየጠጣን እነግርሃለሁ።»

ያን ቀን የነገርኩትን ነው ዛሬ ለእናንተ የምጽፈው። በዩቲዩብና በቲክቶክ በካይት እየተጎተቱ ሜዳ ላይ በቦርድ የሚከንፉትን ሰዎች አይታችሁ «እኔስ?» ያላችሁ ካላችሁ፣ ገንዘባችሁን ከማውጣታችሁ በፊት አንብቡት።

ሜዳው

የምኖረው ላስ ቬጋስ ነው። እዚህ እንዳለ ብዙ ሐበሻ ሥራዬ ሹፍርና ነው። ከከተማዋ ወደ ሎስ አንጀለስ በሚወስደው አውራ ጎዳና 65 ኪሎ ሜትር ያህል ስትነዱ፣ ኔቫዳና ካሊፎርኒያ የሚዋሰኑበት ጋ ኢቫንፓ የሚባል ደረቅ ሐይቅ አለ። ስሙ ሐይቅ ይሁን እንጂ ዝናብ ካልጣለ በቀር ውኃ የለውም። ጭቃው ደርቆና ተሰነጣጥቆ እንደ ምጣድ የተስተካከለ ሜዳ ሆኗል። ዛፍ የለ፣ አጥር የለ፣ ነፋስ ብቻ።

እ.ኤ.አ. በማርች 2009 እንግሊዛዊው ሪቻርድ ጄንኪንስ ግሪንበርድ በተባለች፣ ሞተር በሌላትና በነፋስ ብቻ በምትሄድ ተሽከርካሪ በሰዓት 202.9 ኪሎ ሜትር ሮጦ የወቅቱን የዓለም ክብረ ወሰን የያዘው እዚሁ ሜዳ ላይ ነው። ይህን የምነግራችሁ እዚያ ያለው ነፋስ ቀልድ እንዳልሆነ እንድታውቁት ነው።

ላንድቦርድ ማለት አራት የአየር ጎማና የእግር ማሰሪያ ያለው፣ ከስኬትቦርድ ረዘም ወፈር ያለ ሰሌዳ ነው። እሱ ላይ ትቆማላችሁ፤ ካይቱ ይጎትታችኋል። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። የብሪስቶሉ መምህር ጆርጅ ፖኮክ በካይት ለሚጎተት ሠረገላ የፈጠራ መብት ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1826 ነው። እኛም ሰፈር ውስጥ ከፌስታልና ከሸንበቆ ካይት እየሠራን አድገናል። ልዩነቱ ያንን የምንጎትተው እኛ ነበርን፤ ይሄኛው ግን እኛን ይጎትተናል።

የእኔ ጣጣ

ከሦስት ዓመት በፊት እኔም ልክ እንደ አክስቴ ልጅ ነበርኩ። ከማላውቀው ሰው በኢንተርኔት 6 ሜትር ካሬ ካይት ገዛሁ። ሻጩ «ትልቁን ግዛ፤ ትንሹ ቶሎ ይሰለችሃል» አለኝ። አመንኩት። እጅ ላይ የሚታሰሩት የደኅንነት ማሰሪያዎች አብረው አልነበሩም። «ምን ያደርጉልሃል?» አለኝ። ይህንንም አመንኩት።

ጠዋት ሜዳው ላይ ስደርስ ነፋሱ ለስለስ ያለ ነበር። አንድ ሰዓት ያህል ደስ እያለኝ ተጫወትኩ። ወደ እኩለ ቀን ሲጠጋ መሬቱ ጋለ፣ ነፋሱም መጣ ሄደ ማለት ጀመረ። ማቆም ነበረብኝ። «አንዴ ብቻ» አልኩ። በዚያችው አንዴ ድንገተኛ ነፋስ መጣ፤ ካይቱ ከፊት ለፊቴ እያቋረጠ ወረደና ከቦርዱ ነቅሎ በደረቴ ጣለኝ። 15 ሜትር ያህል በደረቁ ጭቃ ላይ ጎተተኝ።

ለምን አልለቀቅከውም ትሉ ይሆናል። ነፋሱ በሚሄድበት አቅጣጫ አንድ አባት ከሁለት ልጆቹ ጋር ቆሞ ነበር። ማሰሪያ የሌለው ካይት ሲለቀቅ ቁጭ አይልም፤ ገመዱንና መያዣውን እያስከተለ ይሄዳል። ካይቱ የሚሠራበት ገመድ ቀጭን ነው፤ ተወጥሮ ሰው ላይ ካረፈ ሥጋ ይቆርጣል። ስለዚህ ያዝኩት። ስወድቅ ከሥሬ የገባው ቀኝ እጄ አንጓው ላይ ተሰበረ።

ሰባት ሳምንት ጀሶ። ሹፌር ካልነዳ ደሞዝ የለም። ያን ወር ለእናቴ የምልከውን ከጓደኛዬ ተበድሬ ላክሁ። እሷን «መታጠቢያ ቤት አዳለጠኝ» ነው ያልኳት፤ ይህን ካነበበች እውነቱን ዛሬ ትሰማለች። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባል የለ? እኔ የለቀምኩት ራሴን ነው።

የነፋስ ሒሳብ

የአክስቴ ልጅ በማግስቱ መጣ። ገና የመጀመሪያውን ስኒ ሳይጨርስ «ነፋሱ እጥፍ ቢሆን ጉተታው ስንት ይሆናል?» ብዬ ጠየቅሁት።

«እጥፍ» አለኝ።

አይደለም፤ አራት እጥፍ ነው። የነፋስ ግፊት የሚያድገው በፍጥነቱ ስኩዌር ነው። በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር በሚነፍስ ነፋስ እንደ አንድ ጎረምሳ የሚጎትታችሁ ካይት፣ ነፋሱ 40 ሲሆን እንደ አራት ጎረምሳ ይጎትታችኋል። ነፋሱ እዚያ ለመድረስ ደግሞ ጥቂት ሰከንድ ይበቃዋል።

ከዚህ የሚመጣው ትምህርት አንድ ነው። ካይት የሚመረጠው ለቀኑ አማካይ ነፋስ ሳይሆን በቀኑ ውስጥ ሊመጣ ለሚችለው ኃይለኛ ነፋስ ነው። የአየር ሁኔታ አፕ ስትከፍቱ ሁለት ቁጥር ታያላችሁ፤ አንዱ አማካዩ፣ ሌላው ድንገተኛው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ሰፊ ከሆነ ለጀማሪ ቀኑ አይደለም፤ ቤት ዋሉ።

ሦስት ቤተሰብ

ሱቅ ገብታችሁ ወይም ስልካችሁ ላይ ስታስሱ የሚያጋጥማችሁ ካይት በሦስት ይከፈላል።

የመጀመሪያው ፊቱ ላይ በፓምፕ የሚነፋ ቱቦ ያለው ነው። ይህ የተሠራው ለውኃ ነው፤ ቱቦው እንዳይሰምጥ ያደርገዋል። መሬት ላይ ግን ድንጋይና እሾህ ይበሱታል፣ ሲወድቅም አፈሩ ይፍቀዋል። ለእኛ ሜዳ አልመክረውም።

ሁለተኛው ቱቦ የሌለው፣ ፎይል የሚባለው ሲሆን እንደ ፓራሹት በጨርቁ ክፍሎች ውስጥ አየር እየገባ ቅርጹን ይይዛል። ከእሱም ቀላሉ የገመዱ አቀማመጥ የማይለወጠው ነው። ሁለት መያዣና አራት ገመድ አለው፤ ሁለቱ ገመድ ይጎትታል፣ ሁለቱ ፍሬን ነው። ዋጋው ዝቅ ያለ፣ አሠራሩም ግልጽ ነው። ለመጀመሪያ ካይት እኔ የምመርጠው ይህን ነው።

ሦስተኛው ዲፓወር የሚሉት ነው። አንድ ዘንግ ትይዛላችሁ፤ ወደ ራሳችሁ ስትስቡት ኃይሉ ይጨምራል፣ ወደ ፊት ስትገፉት ይቀንሳል። ድንገተኛ ነፋስ ሲመጣ ዘንጉን መግፋት መቻሉ ትልቅ ነገር ነው። ልምድ ያላቸው ብዙ የላንድቦርድ ሰዎች የሚወዱትም ለዚህ ነው። ግን ካይቱ ወገባችሁ ላይ ከሚታሰር ቀበቶ ጋር ይያያዛል፤ መጠኑም አብዛኛውን ጊዜ ትልቅ ነው። ገና መሪውን ያልለመደ ሰው ከእንዲህ ያለ ኃይል ጋር ራሱን ባያስር ይሻላል። የአክስቴ ልጅ ፎቶውን የላከው 9 ሜትር ይሄኛው ነበር። ካይቱ መጥፎ አልነበረም፤ ከእሱ ለከበደና ለሠለጠነ ሰው፣ ለቀላል ነፋስ የተሠራ ነው።

ልኩ ስንት ነው?

ሁሉም የሚጠይቀኝ ይህን ነው። ወደ 75 ኪሎ ለሚመዝን ጀማሪ፣ በሰዓት ከ15 እስከ 25 ኪሎ ሜትር ለሆነ የተረጋጋ ነፋስ፣ 3 ሜትር ካሬ አካባቢ ያለ ፎይል ጥሩ መነሻ ነው። ከዚያ የቀለለ ሰው ይቀንሳል፤ ነፋሱ የሚበረታበት አካባቢ ያለም ይቀንሳል። መሬቱም ይወስናል። እንደ ኢቫንፓ ያለ ጠንካራ ሜዳ ላይ ጎማ በቀላሉ ስለሚሽከረከር ትንሽ ካይት ይበቃል። ለስላሳ አሸዋና ረጅም ሣር ግን ይይዛሉ፤ ተጨማሪ ጉልበት ይፈልጋሉ።

ቁጥሩ ብቻውን እንዳያታልላችሁ። ቀጭንና ረጅም ክንፍ ያለው 4 ሜትር፣ አጭርና ሰፊ ከሆነው 4 ሜትር የበለጠ ይፈጥናል፣ ይጎትታልም፤ ስህተትንም ይቅር አይልም። ጀማሪ ሰፋ ያለውን ይያዝ።

ካይቱ ሰማይ ላይ የት እንዳለም ኃይሉን ይለውጠዋል። ነፋሱን በጀርባችሁ አድርጋችሁ ስትቆሙ፣ ፊት ለፊታችሁ ዝቅ ብሎ ሲያልፍ ኃይሉ ከሁሉም በላይ ነው። አናታችሁ ላይ ወይም ከግራና ከቀኝ ጫፍ ሲሆን ይረግባል። እኔን የጣለኝ መካከሉን ሲያቋርጥ ነው።

ዋናው ጥያቄ

አሁን ወደ ርዕሴ ልመለስ። ሻጩን መጀመሪያ የምትጠይቁት «ስንት ሜትር ነው?» ወይም «ስንት ነው ዋጋው?» መሆን የለበትም። «እንዴት ነው የሚለቀቀው?» በሉት።

በመያዣ የሚሠራ ካይት ላይ መልሱ ከፍሬን ገመዶቹ ጋር የሚገናኙት የእጅ ማሰሪያዎች ናቸው። መያዣውን ስትለቁት ማሰሪያው ፍሬኑን ይጎትታል፣ ካይቱ አየሩን ይተፋና መሬት ላይ ይወድቃል፤ ግን ከእናንተ አይሸሽም። ዲፓወር ላይ ደግሞ ከቀበቶው ጋር የሚያያዘው ፈጣን መልቀቂያ ነው። ካይቱ እየጎተተ ሳለ በአንድ እጅ መክፈት ካልቻላችሁ፣ የለም ብላችሁ ቁጠሩት።

ያገለገለ ስትገዙ ጨርቁን ወደ ብርሃን ያዙት፤ ቀዳዳ ይታያል። በእጃችሁ እሹት፤ አዲስ ጨርቅ ይንኮሻኮሻል፣ ያረጀው እንደ ሻሽ ይለሰልሳል። አራቱን ገመድ ከአንድ ቦታ አስራችሁ ዘርጉና ርዝመታቸውን ከፋብሪካው ልክ ጋር አስተያዩ። የተቦጫጨቀ ካለ ዋጋውን ጨምራችሁ አስሉ። ማሰሪያ ከሌለው ግን አትደራደሩ፤ ማሰሪያ ገዝታችሁ ሳታስገቡ ሜዳ አትውጡ።

ገንዘቡን በሙሉ ካይት ላይ አታውጡት። ሄልሜት፣ የጉልበትና የክርን መከላከያ ይቅደም። ከኤሌክትሪክ መስመር፣ ከመንገድና ከሰው ራቁ፤ ደመና ሲጠቁርና ሲያጉረመርም ካይቱን ሰብስቡ። ኢቫንፓ ለምትመጡ ደግሞ ቦታው የመንግሥት መሬት ስለሆነ ፈቃድና ደንብ አለው። ከመነሳታችሁ በፊት አጣሩ።

ቅዳሜ ጠዋት

በመጨረሻ ያገለገለ 3 ሜትር ገዛን፤ አራት ገመድ፣ ሁለት መያዣ፣ ማሰሪያውም የተሟላ። በተረፈው ብር ሄልሜትና የጉልበት መከላከያ ገዛ። ቅዳሜ ጠዋት ነፋሱ 16 አካባቢ ሲሆን ሜዳው ላይ ደረስን። ቦርዱን ከመኪናው እንዳያወርድ ከለከልኩት።

«ታዲያ ምን ልንሠራ መጣን?»

«ልንለቅ።»

ካይቱን አስነሳ። «ልቀቅ!» አልኩት። አልለቀቀም፤ ጣቶቹ ጨብጠው ቀሩ። ይህንን ነው የፈራሁት። እጅ ሲደነግጥ ይጨብጣል እንጂ አይከፈትም፤ ስለዚህ መልቀቅ ልምምድ ይፈልጋል። በሁለተኛው ዘግይቶ ለቀቀ። በአራተኛው «ል» ስል ለቀቀ። ካይቱ እንደወደቀ ነጠላ ተጨማደደና መሬት ላይ ዓረፈ። አሥር ጊዜ ደገምነው። ቦርዱ ላይ የቆመው በሦስተኛው ሳምንት ነው። 20 ሜትር ያህል ሄደና ወደቀ፤ እየሳቀ ተነሳ።

ትናንት ማታ የጓደኛውን መልእክት አስተላለፈልኝ። ጓደኛው የአንድ ካይት ፎቶ ልኮ «7 ሜትር፤ ልግዛ?» ብሎታል። የአክስቴ ልጅ ከሥሩ የመለሰለት ሦስት ቃል ብቻ ነው፦

«መልቀቂያው ይሠራል ወይ?»