አዲሷ ጀልባ ተሳፋሪ ከመያዟ በፊት



ከጥቂት ጊዜ በፊት እዚህ ሲያትል ለብዙ ዓመታት ታክሲ ሲነዳ የኖረ ደንበኛዬ የጀልባ መግዣ ደረሰኝ ይዞ ቢሮዬ መጣ። ኡበርና ሊፍት ከመጡ ወዲህ የታክሲው ገቢ እንደ ድሮው ስላልሆነለት፣ በበጋው ወራት ቱሪስት ጭኖ ፑጀት ሳውንድ ላይ ለማዞር አስቧል። የገዛትም ሥሯ ጠንካራ ፋይበርግላስ፣ ዙሪያዋ ደግሞ በአየር የሚነፋ ጎማ የሆነች፣ በእንግሊዝኛ በአጭሩ «ሪብ» የምትባለውን ፈጣን ጀልባ ነው። ጥያቄው «ከታክስ ላይ ስንት ይቀነስልኛል?» የሚል ነበር።

ደረሰኙን ተመለከትኩት። ጀልባዋ፣ ሞተሩና ትሬለሩ እያንዳንዳቸው በዋጋ ተዘርዝረዋል። ከግርጌው «የደህንነት ዕቃዎች፣ ሙሉ ጥቅል» የምትል አንዲት መስመር አለች። ጥቅሉ ውስጥ ምን እንዳለ ስጠይቀው አራት ላይፍ ጃኬት፣ አንድ ፊሽካና አንድ መቅዘፊያ መሆኑን ነገረኝ። እሱ ሊጭን ያሰበው ስድስት ሰው ነው። ስለ ታክሱ የተነጋገርነው በመጨረሻ ነው፤ አብዛኛውን ሰዓት የወሰደችብን ያቺ አንዲት መስመር ነበረች። የዛሬው ጽሑፌም ስለ እርሷ ነው።

የግል ጀልባና የሥራ ጀልባ

በግል መኪናና በታክሲ መካከል ያለውን ልዩነት ለእናንተ ማስረዳት ለቀባሪው ማርዳት ይሆናል። የባሕሩም ሕግ እንደዚሁ ነው። ቤተሰብዎን ጭነው ሲዝናኑባት የግል ጀልባ ናት። ከተሳፋሪ ላይ ገንዘብ በተቀበሉ ቀን ግን ያችው ጀልባ በሕግ ፊት ሌላ ጀልባ ትሆናለች፤ የሚያስፈልጋት ዕቃ፣ ኢንሹራንሷና የነጂዋ መንጃ ፈቃድ ሁሉ ይለወጣል። ሻጩ የሚሰጥዎ «ሙሉ ጥቅል» አብዛኛውን ጊዜ ለግል መዝናኛ የታሰበ ነው። ስለዚህ ለምን እንደሚገዟት አስቀድመው ይንገሩት።

ከሁሉ በፊት፦ የዜግነት ጉዳይ

በአሜሪካ ውኃዎች ላይ ከአንድ የአገሪቱ ቦታ ወደ ሌላ፣ ወይም አዙሮ ወደ ተነሣበት፣ ተሳፋሪ በክፍያ የሚያጓጉዝ ጀልባ አሜሪካ ውስጥ የተሠራና የአሜሪካ ዜጋ ንብረት መሆን አለበት። ሕጉ ከ1886 ዓ.ም. (በፈረንጆች አቆጣጠር) ጀምሮ ያለ ነው። በኩባንያ ስም ማስመዝገብም ማምለጫ አይሆንም፤ ቢያንስ 75 በመቶው ድርሻ የዜጎች መሆን ይኖርበታል። ውጭ አገር ለተሠሩና እስከ 12 ተሳፋሪ ለሚይዙ ጀልባዎች የፌዴራሉ የባሕር ትራንስፖርት አስተዳደር ልዩ ፈቃድ የሚሰጥበት መንገድ አለ፤ ነገር ግን ጀልባዋ ከተሠራች ቢያንስ 3 ዓመት የሞላት መሆን አለባት። ስለዚህ ውጭ የተሠራች አዲስ ሪብ ገዝቶ ወዲያው ለሥራ ማሰማራት አይቻልም።

መንጃ ፈቃዱ ግን ከዚህ ይለያል። እስከ ስድስት ተሳፋሪ በክፍያ ለመጫን ከኮስት ጋርድ የሚሰጠውን የካፒቴን ፈቃድ ግሪን ካርድ ያለው ሰው ሊያገኝ ይችላል፤ የሚሠራው ግን በፌዴራል መዝገብ ባልገቡ ትናንሽ ጀልባዎች ላይ ብቻ ነው። በሌላ አነጋገር፣ በግሪን ካርድ የዜጋን ጀልባ መንዳት ይቻል ይሆናል፤ የራስን ጀልባ ለዚህ ሥራ ማሰማራት ግን አይቻልም። ለፈቃዱ የ360 ቀን የባሕር ልምድ በማስረጃ ይጠየቃል፤ በትንሽ ጀልባ ላይ ቢያንስ አራት ሰዓት የተሠራበት ቀን እንደ አንድ ቀን ይቆጠራል። የመድኃኒት ምርመራ፣ የጤና ማስረጃና የመጀመሪያ እርዳታ ሥልጠናም አለ። ቅድሚያ ክፍያ ከመስጠትዎ በፊት ይህን ከኮስት ጋርድና የባሕር ሕግ ከሚያውቅ ጠበቃ ጋር ይጨርሱ።

ላይፍ ጃኬት

ካፒቴኑን ጨምሮ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ፣ በልኩ የሆነ፣ የኮስት ጋርድ ማረጋገጫ ያለው ላይፍ ጃኬት ያስፈልጋል። ሕፃን የሚጭኑ ከሆነ የሕፃን ልክ ሊኖርዎ ይገባል። ለግል መዝናኛ ቀለል ያለው ዓይነት ይፈቀዳል። ለክፍያ ሲሆን ግን ሕጉ የሚጠይቀው ለሰፊ ባሕር የተሠራውን ወፍራሙን ነው፤ ይህኛው ራሱን የሳተን ሰው ፊቱን ወደ ሰማይ እንዲያዞር ተደርጎ የተሠራ ነው። ውኃ ሲነካው በራሱ የሚነፋው ቀጭን ጃኬት ለዕይታ ያምራል፤ ከ16 ዓመት በታች ላሉ ግን አልተፈቀደም። ጀልባዋ 16 ጫማና ከዚያ በላይ ከሆነች ለወደቀ ሰው የሚወረወር ተንሳፋፊ፣ 26 ጫማና ከዚያ በላይ ከሆነች ደግሞ ክብ የነፍስ አድን ቀለበት ይጨመራል።

ጃኬቱ በሳጥን ውስጥ ተቆልፎ ከተቀመጠ አለ ማለት አይቻልም። እንደ ኮስት ጋርድ ዘገባ በ2023 በመዝናኛ ጀልባ አደጋ 564 ሰዎች ሞተዋል። የሞቱበት ምክንያት ከታወቀው ውስጥ 75 በመቶው የሰጠሙ ናቸው፤ ከሰጠሙት ውስጥ ደግሞ 87 በመቶው ላይፍ ጃኬት አልለበሱም ነበር። የፑጀት ሳውንድ ውኃ በበጋም ቢሆን ቀዝቃዛ ነው። እንዲህ ያለ ውኃ ውስጥ የወደቀ ሰው የመጀመሪያዋን አንድ ደቂቃ ትንፋሹን መቆጣጠር ያቅተዋል፤ በአሥር ደቂቃ ገደማ ውስጥ ደግሞ እጁና እግሩ አልታዘዝ ይሉታል። ዋና መቻል ያን ጊዜ ብዙም አይረዳም። ስለዚህ «ለብሰህ ካልተቀመጥክ አንነሣም» የሚለውን ደንብዎ ያድርጉት።

የሞተር ማጥፊያው ገመድ

ሪብ ከፍ ያለ ግድግዳ የላትም። በፍጥነት ስትታጠፍ ነጂውን ወርውራ ልትጥለው ትችላለች። ሞተሩ ካልጠፋ ባዶዋ ጀልባ ክብ እየዞረች ወደ ወደቀው ሰው ትመለሳለች፤ የሞተሩ ምላጭም አብሯት ይመጣል። ከኤፕሪል 1 ቀን 2021 ጀምሮ ከ26 ጫማ በታች የሆነና ይህ ማጥፊያ የተገጠመለት ፈጣን ጀልባ የሚነዳ ሰው ገመዱን ከሰውነቱ ጋር ማያያዝ ግዴታው ነው። ገመድ አልባ የሆነም አለ። አንድ ትርፍ ገመድ ይግዙ፤ እርስዎ ቢወድቁ በእርሱ ሞተሩን እንዴት እንደሚያስነሣ ለአንድ ተሳፋሪ ከመነሣትዎ በፊት ያሳዩት።

እሳት ማጥፊያ

ልዩነቱ በግልጽ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ከ26 ጫማ በታች የሆነች፣ ሞተሯ ከኋላ በውጭ የተንጠለጠለና የቤንዚን ትነት የሚታመቅበት ዝግ ቦታ የሌላት የግል ጀልባ ያለ እሳት ማጥፊያ እንድትሄድ ሕጉ ይፈቅዳል። ለክፍያ የምትሠራ ከሆነች ግን ይህ ፈቃድ የለም። ከኤፕሪል 20 ቀን 2022 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው ደንብ የ2018 ሞዴልና ከዚያ ወዲህ የተሠሩ እንዲህ ያሉ ጀልባዎች ቢያንስ «5 ቢ» የሚል ምልክት ያለው ማጥፊያ መያዝ አለባቸው። ዳግም የማይሞላው ዓይነት ከተሠራበት ቀን አንሥቶ 12 ዓመት ከሆነው ይጣላል። የተሠራበት ዓመት ጠርሙሱ ላይ ተመትቷል፤ ሲገዙ ይመልከቱት።

እርዳታ መጥሪያ

በባሕር ዳርቻ ውኃዎች ላይ ለቀንም ለሌሊትም የሚሆን የአደጋ ምልክት ያስፈልጋል። ብዙ ሰው የሚገዛው ለሁለቱም የሚያገለግለውን ቀይ ርችት ሲሆን ቢያንስ ሦስት መሆን አለበት። ርችት ከተሠራ በ42 ወር ጊዜው ያልፋል። ርችት የማይፈልግ ሰው ለሌሊት ማረጋገጫ ያለው የኤሌክትሪክ ምልክት መብራት፣ ለቀን ብርቱካናማ ባንዲራ መያዝ ይችላል። ፊሽካ ወይም ጥሩምባ፣ እንዲሁም ከፀሐይ መጥለቅ በኋላና በጭጋግ የሚበሩት ቀይ፣ አረንጓዴና ነጭ መብራቶች አይቀሩም።

በሞባይል ስልክ አይተማመኑ። የቪ.ኤች.ኤፍ ሬዲዮ ይግጠሙ፤ የእርዳታ ጥሪ የሚደረገው በቻናል 16 ነው። ሬዲዮው ከጂ.ፒ.ኤስ ጋር ከተገናኘና መለያ ቁጥሩ ከተመዘገበ፣ በክዳን የተሸፈነችውን ቀይ ቁልፍ ሲጫኑ ያሉበትን ቦታ ጭምር ይናገርልዎታል። ከዳርቻ ርቀው የሚሄዱ ከሆነ በሳተላይት ቦታዎን የሚያስታውቀውን የ406 ሜጋኸርትዝ መሣሪያ ይጨምሩ። ምዝገባው ነጻ ነው፤ ነገር ግን ግዴታ ነው።

የጎማዋ ጠባይ

የሪብ ጎማ በየክፍሉ የተለያየ ስለሆነ አንዱ ቢተነፍስ ሌላው ያንሳፍፋታል። ይሁን እንጂ ትራሊ ላይ በሞቃት ቀትር የተነፋ ጎማ ቀዝቃዛ ውኃ ላይ ሲያርፍ ይላላል፤ ፀሐይ ላይ የቆመ ደግሞ ይወጠራል። ስለዚህ የግፊት መለኪያ፣ የእጅ ፓምፕና መለጠፊያ ሁልጊዜ ጀልባዋ ውስጥ ይኑሩ። መልሕቁና ቢላዋው ጎማውን እንዳይወጉ በሳጥን ይቀመጡ።

ሌሎች ሁለት ነገሮች በብዛት ይዘነጋሉ። የመጀመሪያው መሰላል ነው፤ ልብሱ የራሰ ሰው በወፍራሙ ጎማ ላይ ተንጠልጥሎ መውጣት አይችልም። ሁለተኛው መቀመጫና መያዣ ነው። ማዕበል ላይ በፍጥነት ስትዘል የፊተኛው ተሳፋሪ ከሁሉ ይበልጥ ይመታል፤ የጀርባ አጥንታቸው የተሰበረ ሰዎች አሉ። በፍጥነት በሚሄዱበት ጊዜ ማንም ጎማው ላይ አይቀመጥ፤ ከፊት ያለውንም ቦታ ለአረጋዊ አይስጡ። የሚጭኑት ሰውም ፋብሪካው በጻፈው ሰሌዳ መጠን ብቻ ይሁን።

ከመነሣት በፊት ጃኬትና ሌሎች የደህንነት ዕቃዎች የት እንዳሉ ለተሳፋሪዎች መናገር ወይም በጽሑፍ ማሳየት የሕግ ግዴታ ነው። አምስት ደቂቃ እንኳ አይፈጅም።

አሁን ወደ ሒሳቡ

ሻጩ «ሙሉ ጥቅል» የሚለውን መስመር እንዲሰርዝና እያንዳንዱን ዕቃ ከነዋጋው እንዲዘረዝር ይጠይቁት። ምክንያቱ ሦስት ነው። አንደኛ፣ የጎደለው ወዲያው ይታያል። ሁለተኛ፣ ሥራ ከተጀመረ በኋላ በነጠላ ከ2,500 ዶላር የማይበልጡ ዕቃዎችን በታክስ ፎርምዎ ላይ ምርጫውን ካመለከቱ በዚያው ዓመት በወጪነት መያዝ ይቻላል፤ ለዚህ ግን የተዘረዘረ ደረሰኝ ያስፈልጋል። ሦስተኛ፣ አደጋ ቢደርስ ያ ደረሰኝ ማስረጃዎ ነው።

የጀልባዋ የእርጅና ቅናሽ የሚጀምረው በገዟት ቀን አይደለም፤ ለሥራ ዝግጁ በሆነች ቀን ነው። ፈቃድ ሳይኖርዎ ጓሮ የቆመች ጀልባ ቅናሽ አታስገኝም። ለቤተሰብ መዝናኛም የምትውል ከሆነ እንደ ታክሲው ማይል ሁሉ የሥራውንና የግሉን ቀን ለይተው ይመዝግቡ። በዚያው መዝገብ የርችቱን፣ የእሳት ማጥፊያውንና የጃኬቱን ጋዝ ጠርሙስ የሚያልፍበትን ቀን ይጻፉ። ኢንሹራንሱንም ያንብቡት፤ የግል ጀልባ ኢንሹራንስ በአብዛኛው በክፍያ ተሳፋሪ ሲጭኑ የሚደርስን ጉዳት አይሸፍንም።

ደንበኛዬ ዜጋ ነው፤ ጀልባዋም እዚሁ አሜሪካ የተሠራች በመሆኗ ከትልቁ ወጥመድ አምልጧል። የባሕር ልምዱ ግን ገና ስላልሞላ የዘንድሮው በጋ አለፈው። አሁን ቅዳሜና እሁድ በሌላ ሰው ጀልባ ላይ በረዳትነት እየሠራ ቀን ያጠራቅማል፤ በአዘቦቱ ታክሲውን ይነዳል። አራቱን ላይፍ ጃኬት መልሶ ሰባት ትክክለኛዎቹን ገዝቷል፤ ስድስቱ ለተሳፋሪዎቹ፣ ሰባተኛው ለራሱ ነው። «ቀድሞ ነበር መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ» ይላሉ እናቶቻችን። ጀልባ ለመግዛት ያሰባችሁ አንባቢያን ሁሉ ደረሰኙን ከመፈረማችሁ በፊት ያቺን የመጨረሻ መስመር አንብቧት።

በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ ቸር ይግጠመን።