ጎማው ካደገ በኋላ የጂፓችሁ ዲፈረንሻል ስንት ቁጥር ይሁን?

እዚህ አሽዶድ ውስጥ ከልጆቻችን መካከል ከሠራዊት ወጥተው፣ ጥቂት ዓመት ሠርተው፣ ባጠራቀሙት ገንዘብ ያገለገለ ራንግለር ወይም ጂምኒ የሚገዙ አሉ። መኪናው እንደተገዛ መጀመሪያ የሚታሰበው ትልቅ ጎማ ነው። ጎማው ከገባ በኋላ ደግሞ ጥያቄ ይመጣል፦ «መኪናው ሰነፈብኝ፣ ዳገት አይወጣም። ሙሳክ ሄጄ ዲፈረንሻሉ ይቀየር አሉኝ። ስንት ቁጥር ላስገባ?» ይህ ብዙ ሺህ ሼቅል የሚያስወጣ ጥያቄ ነው። ስለዚህ ሙሳክ ከመግባታችሁ በፊት ሒሳቡን አብረን እንሥራው። ከማባዛትና ከማካፈል በላይ የሚጠይቅ ነገር የለውም።

ዲፈረንሻሉ ውስጥ ሁለት ዋና ማርሾች አሉ። ትንሹ ፒኞን ይባላል፤ ከካምቢዮ በሚመጣው ረጅም ዘንግ ይዞራል። ትልቁ ኮሮና ነው፤ ጎማዎቹን የሚያዞረው እሱ ነው። የኮሮናውን ጥርስ ብዛት ለፒኞኑ ጥርስ ብዛት አካፍሉት፤ የሚመጣው ቁጥር ሙሳክ ውስጥ የሚጠሩላችሁ ቁጥር ነው። 41 ጥርስ ለ11 ሲካፈል 3.73 ይሆናል፤ 37 ለ9 ሲካፈል ደግሞ 4.11። 4.11 ማለት ጎማው አንድ ጊዜ እንዲዞር ዘንጉ አራት ጊዜና ትንሽ መዞር አለበት ማለት ነው። ቁጥሩ ሲጨምር ጉልበት ይጨምራል፤ በዚያው ፍጥነት ለመሄድ ግን ሞተሩ የበለጠ መዞር ይኖርበታል። አገር ቤት ገደላማ መንገድ ላይ «በከባድ ማርሽ ንዳ» እንደሚባለው፣ ትልቅ ቁጥር ያለው ዲፈረንሻል መኪናውን ትንሽ ወደ ከባድ ማርሽ ያዘነብለዋል። ልዩነቱ ይህ ዘወትር መሆኑ ነው፤ በአንደኛ ማርሽም በመጨረሻውም፣ አሸዋ ላይም አራት ቁጥር መንገድ ላይም።

አሁን ወደ ጎማው እንምጣ። ትልቅ ጎማ በአንድ ዙር ረጅም መንገድ ይሄዳል፤ ስለዚህ ለሞተሩ ይከብደዋል። አንድ ራንግለር 3.73 ዲፈረንሻልና ቁመቱ 29 ኢንች ገደማ የሆነ ጎማ ነበረው እንበል። ባለቤቱ 33 ኢንች አስገባለት። 3.73ን በ29 አባዝተን ለ33 ስናካፍል 3.28 ይመጣል። ልጁ ዲፈረንሻሉን ሳይነካ፣ መኪናው 3.28 ዲፈረንሻል እንደተገጠመለት ሆነ። አውቶማቲክ ከሆነ ማርሹ ወደ ላይና ወደ ታች ሲዋልል ይውላል፤ ዘይቱም ይግላል። በእጅ የሚቀየር ከሆነ ፍሪሲዮኑን ይበላዋል።

የቀድሞውን ለመመለስ ተቃራኒውን ሥሩ፦ 3.73 ሲባዛ በ33፣ ሲካፈል ለ29፤ 4.24 ይሆናል። በዚህ ቁጥር የተሠራ ማርሽ ገበያ ላይ አታገኙም፤ በቅርብ ያሉት 4.10 እና 4.56 ናቸው። 4.10 ከድሮው ትንሽ የደከመ ሲሆን፣ 4.56 ከድሮው ሰባት በመቶ ያህል የበረታ ነው። የኔ አስተያየት ይህ ነው፦ ከ2007 እስከ 2011 የወጣው ራንግለር ባለ 3.8 ሊትር ሞተር ስለሆነና ሞተሩም ለክብደቱ ደካማ ስለሆነ፣ ቤተሰብ ጭኖ ኢየሩሳሌም የሚወጣ ሰው 4.56 ቢያስገባ አይቆጭም። ከ2012 ወዲህ ያለው ባለ 3.6 ሊትሩ ጠንካራ ነው፤ በየቀኑ ቴል አቪቭ ለሥራ ለሚመላለስ 4.10 ይበቃዋል። መኪናችሁ ከፋብሪካ 3.21 ይዞ የመጣ ከሆነ ግን ልብ በሉ፤ በ33 ኢንች ጎማ 3.73 ብታስገቡ እንኳ የምታገኙት የቀድሞውን ያህል ብቻ ነው።

ጂምኒ ያላችሁ ደግሞ አትቸኩሉ። አዲሱ ባለ 1.5 ሊትር ጂምኒ በእጅ ማርሽ 4.09፣ በአውቶማቲክ 4.30 ነው። የፋብሪካው ጎማ 195/80 በ15 ሲሆን፣ 215/75 በ15 ብታስገቡ ቁመቱ የሚጨምረው አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ለዚህ ብሎ ዲፈረንሻል የሚከፍት ሙሳክ ካለ፣ ሌላ ሙሳክ ፈልጉ።

ስለ ጎማ ካነሳን አይቀር፣ ሁለት ነገር አለ። በመኪናው ሪሽዮን ላይ የጎማው መጠን ተጽፏል፤ ከዚያ የወጣ ጎማ ቴስት ላይ ጣጣ ያመጣል። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት የሚፈቀደውን አጣሩ፣ ኢንሹራንሱንም ጠይቁ። ሁለተኛው የፍጥነት ቆጣሪው ነው። ከ29 ወደ 33 የሄደ ሰው ቆጣሪው 100 ሲለው በእውነት 114 ላይ ነው። ካሜራው ደግሞ የናንተን ቆጣሪ አያይም። አዲሶቹ መኪናዎች በኮምፒውተር ይስተካከላሉ፤ ጎማ ወይም ዲፈረንሻል በተቀየረ ቁጥር ይህን ማስደረግ ያስፈልጋል።

ብዙዎቹ ወጣቶች «ድንጋይ ላይ ቀስ ብሎ እንዲሄድልኝ» ብለው ትልቅ ቁጥር ይፈልጋሉ። እዚህ ላይ ቆም እንበል። ቀስ ብሎ የመሄድ ጉልበት የሚመጣው የአንደኛ ማርሹ፣ የፎር ሎው ሳጥኑና የዲፈረንሻሉ ቁጥሮች ተባዝተው ነው። በጂምኒው 4.425 ሲባዛ በ2.002፣ ሲባዛ በ4.09፣ 36 ይመጣል። ባለ ስድስት ማርሹ ራንግለር ሩቢኮን 4.10 ሲኖረው 4.46 ሲባዛ በ4፣ ሲባዛ በ4.10፣ 73 ነው። ዲፈረንሻላቸው አንድ ነው ማለት ይቻላል፤ ውጤቱ ግን እጥፍ ነው። ልዩነቱን ያመጣው ከካምቢዮው ጀርባ ያለው የፎር ሎው ሳጥን ነው። እሱ የሚሠራው ስትፈልጉት ብቻ ነው፤ አራት ቁጥር መንገድ ላይ ነዳጅ አያስከፍላችሁም። ዲፈረንሻሉ ግን በየቀኑ ያስከፍላል።

አሸዋም እንደዚሁ ነው። ከከተማችን በስተደቡብ ባለው የኒጻኒም አካባቢ አሸዋ ውስጥ የተቀረቀረ መኪና ብዙ ጊዜ የሚያስፈልገው የጎማውን ነፋስ ወደ 15 ፒኤስአይ ገደማ ዝቅ ማድረግ ነው፤ ይህ ደግሞ ምንም አያስከፍልም። አስፋልት ላይ ከመውጣታችሁ በፊት መልሳችሁ ንፉ። በነገራችን ላይ ኒጻኒም የተፈጥሮ ጥበቃ ሥፍራ አለበት፤ ከተፈቀደው መንገድ ውጪ መኪና መንዳት ክልክል ነው።

የሞተር ጉልበት ከቦታ ቦታ እንደሚለያይም አትርሱ። አሽዶድ ባሕር ዳርቻ ላይ ናት። ዘመድ ጥየቃ ጎንደር ሄዳችሁ ወደ ደባርቅ ከወጣችሁ ግን ከ2,800 ሜትር በላይ ናችሁ፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ ሩብ ያህል ያጣል። ባለ 4.2 ሊትሩ አሮጌ ላንድክሩዘር ቱርቦ የለውም፤ ያም ሆኖ በዚያ አገር የኖረው ዲፈረንሻሉ አራት ነጥብ ምናምን፣ ጎማውም መጠነኛ ስለሆነ ነው። በጣልያን ጊዜ በተሠራው የሊማሊሞ ጠመዝማዛ ቁልቁል ሲወርድ ደግሞ ያው ቁጥር ሞተሩ መኪናውን እንዲይዝ ያደርጋል፤ ፍሬኑም አይነድም። ትልቅ ጎማ ይህንንም ይቀንሳል። ሰዎች የሚያስቡት ዳገቱን ነው፤ እኔን የሚያስፈራኝ ቁልቁለቱ ነው።

ለመቀየር ከወሰናችሁ፣ የፊቱና የኋላው አንድ ቁጥር መሆን አለባቸው። ፎር ዊል ሲገባ ሁለቱ ዘንጎች በአንድነት ይታሰራሉ፤ ቁጥራቸው ከተለያየ አንዱ ሌላውን ይጎትታል፣ አስፋልት ላይም የሆነ ነገር ይሰበራል። በተለይ ከፈረሰ መኪና ላይ የኋላ አክሰል በርካሽ የምትገዙ ተጠንቀቁ፤ ሞዴሉ አንድ ሆኖ ቁጥሩ ሊለያይ ይችላል። ራሳችሁ መቁጠር ትችላላችሁ። መኪናውን ሜዳ ላይ አቁሙ፤ መሬት ላይ በሚቀሩት ጎማዎች ከፊትም ከኋላም ታኮ አድርጉ። አንድ የኋላ ጎማ ብቻ በክሪክ አንሱና ጠንካራ መደገፊያ አስገቡ፤ ማርሹን ፎሌ አድርጉ፣ የእጅ ፍሬኑን ልቀቁ። ከመኪናው ሥር ማንም አይግባ። ጎማውና ዘንጉ ላይ በጠመኔ ምልክት አድርጉ (ጠመኔ ከእኔ ውሰዱ፣ ከማስተማር ዘመኔ የቀረ አለኝ)። ጎማውን በትክክል ሁለት ዙር ስታዞሩ፣ ሌላ ሰው ከጎን ሆኖ ዘንጉ ስንት እንደዞረ ይቁጠር። ሦስት ተኩል አልፎ አራት ካልሞላ 3.73፣ አራትና ትንሽ ከሆነ 4.10፣ አራት ተኩል ከሆነ 4.56 ነው። ይህ የሚሠራው መቆለፊያ ለሌለው ተራ ዲፈረንሻል ነው።

ሥራውን ለለመደ ሰው ስጡ። ፒኞኑና ኮሮናው የሚነካኩበት ክፍተት በሚሊ ሜትር ክፍልፋይ ይለካል፤ ከተሳሳተ መኪናው ያፏጫል፣ ቆይቶም ጥርሱን ይበላል። አዲስ ማርሽ በመጀመሪያው ቀን ይግላል፤ 20 ደቂቃ ያህል ቀስ ብላችሁ ነድታችሁ አቁሙና ይቀዝቅዝ፤ ይህን ጥቂት ጊዜ ድገሙ። በመጀመሪያዎቹ 800 ኪሎ ሜትር ተጎታች አትሳቡ፤ ከዚያ በኋላ የዲፈረንሻሉን ዘይት ቀይሩ።