አፈር በሌለው እርሻ የቲማቲም ቅጠል ሲገረጣ

በንጥረ ምግብ ውሃ የሚበቅል ቲማቲም ሲገረጣ ማዳበሪያ ለመጨመር መቸኮል አይገባም፤ ጨው የበዛበት ውሃ ሥሩን ይጎዳል። አስቀድሞ የትኛው ቅጠል እንደ ገረጣ ይታይ። የታችኞቹ አሮጌ ቅጠሎች ከሆኑ ናይትሮጂን ሳያንስ አይቀርም። የጫፎቹ ለጋ ቅጠሎች ገርጥተው ጅማታቸው አረንጓዴ ከሆነ ግን ያጠራቸው ብረት ነው። ይሁንና ብረቱ ብዙውን ጊዜ ከገንዳው አልጠፋም፤ የውሃው ፒኤች ከ7 ሲያልፍ ይዘቅጥና ሥሩ ሊወስደው አይችልም። ባይካርቦኔት የሚበዛበት የስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውሃ፣ ዛሬ ፒኤቹን ብናወርደው መልሶ ስለሚወጣ በየቀኑ ይለካ። መለኪያ የሌለው ማኅበር የፒኤች ወረቀት ይግዛ፤ ከአንድ ኩንታል ማዳበሪያ ይረክሳል። ፒኤቹ ከ5.5 እስከ 6.5 እስኪደርስ የተበረዘ ፎስፈሪክ አሲድ በጥቂት በጥቂቱ ይጨመር። ሲበረዝም አሲዱ ወደ ውሃው እንጂ ውሃው ወደ አሲዱ ፈጽሞ አይጨመር፤ ጓንትና መነጽር ይደረግ። የገረጣው ቅጠል ላያገግም ስለሚችል ለውጡን የምናየው በአዲሱ ቅጠል ላይ ነው።