ግራ እጅም ይምራ

ጥር 11 ቀን ታቦታቱ ከጥምቀተ ባሕር ሲመለሱ፣ በጎጃም ጅጋም ይሁን ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬም ይሁን ደምበጫ፣ ምእመኑን ወደፊት የሚያራምደው ከበሮ ነው። መቺው ከበሮውን በማንገቻው አንገቱ ላይ አጥልቆ፣ ሁለቱን አፎች በሁለት እጁ እያናገረ በፀሐይ ይጓዛል። ጉዞው ረጅም ነው፤ በየመሀሉም ይቆማል፣ ይዞራል፣ ይዘለላል። ሰዓቱ እየገፋ ሲሄድ ልብ ብሎ የሚያይ ሰው አንድ ልዩነት ይታዘባል። የአንዱ መቺ ምት እንደ ማለዳው ጥርት ብሎ ይቀጥላል። የሌላው ግን ቀኙ እየበረታ፣ ግራው እየተጎተተ፣ ትከሻውም ወደ ጆሮው እየወጣ ይሄዳል። ጉልበት ሁለቱም አላቸው። የለያያቸው እጃቸው ከዚያ ቀን በፊት ሲለማመደው የከረመው ነገር ነው።

ይህ ልምምድ በዓለም የከበሮ መቺዎች ዘንድ ስም አለው፤ ሩዲመንት ይሉታል። ሩዲመንት ዘፈን አይደለም፣ የዜማ ክፍልም አይደለም። ሁለቱ እጆች በምን ቅደም ተከተል እንደሚመቱ የሚወስን አጭር ስልት ሲሆን፣ መቺው ሳያቋርጥ እየደጋገመ እጁን ይገራበታል። የፊደል ገበታን ጉዳይ ለሚያውቅ አንባቢ ነገሩ እንግዳ አይሆንም። ንባብ ቤት የገባ ሕፃን መጀመሪያ ሀ ሁ ይላል። ሀሁን በቃሉ ሲወጣው ደግሞ አቡጊዳ ይሰጠዋል፤ ፊደሎቹ ቦታቸውን ቀያይረው ስለሚመጡ በልማድ ማነብነብ አያዋጣውም፣ እያንዳንዱን ፊደል ለይቶ ማወቅ ግድ ይሆንበታል። ሩዲመንትም የእጅ ሀሁና የእጅ አቡጊዳ ነው።

ቃሉን ለከበሮ ትምህርት በመጠቀም ቀዳሚ ሆኖ የሚጠቀሰው ቻርልስ ስቱዋርት አሽዎርዝ የተባለ የአሜሪካ ባሕር ወለድ ጦር ከበሮ መቺ ነው፤ የማስተማሪያ መጽሐፉን በ1812 (እ.ኤ.አ.) አሳተመ። በዚያ ዘመን በአውሮፓና በአሜሪካ ሠራዊት ከበሮ የትእዛዝ ቋንቋ ነበር። መነሻ፣ መሰብሰቢያ፣ ማፈግፈጊያ የሚታወቀው በምቱ ስለነበር የአንዱ መቺ ምት ከሌላው ጋር ፊደል በፊደል መመሳሰል ነበረበት። በእኛም አገር ነጋሪት በዱላ እየተጎሰመ አዋጅ ያስነግር ነበር፤ በ1934 ዓ.ም. መታተም የጀመረው የሕግ ጋዜጣ «ነጋሪት ጋዜጣ» የተባለው ከዚሁ ተነሥቶ ነው። አሜሪካውያን መቺዎች በ1933 (እ.ኤ.አ.) ቺካጎ ላይ ማኅበር አቋቁመው 13 ስልቶችን «የግድ መታወቅ ያለባቸው» ብለው ደነገጉ። በኋላም ዝርዝሩ ወደ 26 አደገ፣ ከዚያም በ1984 (እ.ኤ.አ.) ዓለም አቀፍ ተብሎ 40 ደረሰ።

40 መሆኑ ጀማሪን ሊያስፈራው አይገባም። ሥራውን የሚሠሩት ጥቂቶቹ ናቸው፤ የቀሩት የእነዚያው ልጆችና የልጅ ልጆች ናቸው።

ቀኝ እጅን «ቀ»፣ ግራ እጅን «ግ» እንበል። የመጀመሪያው ስልት ነጠላ ምት ነው፤ ቀግቀግ፣ ቀግቀግ። ሁለተኛው ድርብ ምት ነው፤ ቀቀግግ፣ ቀቀግግ። ሦስተኛው ፓራዲድል ይባላል፤ ሁለቱን አጋብቶ ቀግቀቀ፣ ግቀግግ ይላል። አቡጊዳ ያልነው ይህንን ነው። መጀመሪያ ቀኝ ይመራል፣ አራቱ ምት ሲያልቅ ግራ ይመራል፤ እጆቹ ሹመት ይለዋወጣሉ። ነጠላ ምት ብቻ የለመደ ሰው ፓራዲድልን ሲሞክር በመጀመሪያው ቀን መሰናከሉ አይቀርም፤ እጁ በራሱ ወደ ለመደው ይሮጣልና። ሌላም ፍላም የሚሉት አለ፤ አንዱ እጅ በለሆሳስ ቀድሞ፣ ሌላው ወዲያው ተከትሎት ጠንክሮ ያርፋል። ሁለቱ ድምፆች ተጣብቀው እንደ አንድ ወፍራም ምት ይሰማሉ።

እነዚህ ስልቶች የተወለዱት በሁለት ዘንግ ላይኛው ፊቱ ብቻ ለሚመታ ከበሮ ነው። በዚያ ከበሮ ላይ ቀኝም ግራም የሚያርፉት አንድ ቆዳ ላይ ስለሆነ፣ ጥሩ መቺ የትኛው እጁ እንደመታ ለጆሮ አያስታውቅም። የእኛ ከበሮ ግን ሁለት አፍ አለው። ሰፊው አፍ ወፍራም፣ ጠባቡ ቀጭን ድምፅ ይሰጣል። ሰፊው በቀኝ እጅ በኩል ከዋለ፣ ያው ፓራዲድል «ወፍራም፣ ቀጭን፣ ወፍራም፣ ወፍራም፤ ቀጭን፣ ወፍራም፣ ቀጭን፣ ቀጭን» ይላል። ቺካጎ ላይ የእጅ ቅደም ተከተል ብቻ የነበረው ልምምድ ጎጃም ሲደርስ የሚዘመር ነገር ሆነ ማለት ነው። በዘንግ ከበሮ ላይ የተደበቀው ስሕተትም እዚህ መደበቂያ የለውም። ግራ እጅ ከሰነፈ ቀጭኑ ድምፅ ይጠፋል፤ ቀጭኑ ሲጠፋ ደግሞ ምቱ ጎደሎ መሆኑን ሕፃንም ይሰማል።

የአገራችንን ከበሮ ለሚማር ሰው ሩዲመንት ከማንም በላይ ይጠቅመዋል የሚያሰኘው ይህ ነው። ብዙ ጀማሪ ቀኙን በሰፊው አፍ ላይ ያሠለጥናል፣ ግራውን ግን እንዲያጅበው ብቻ ይተወዋል። ቀኙ ሲደክም የሚተካው የለም።

አንድ ምሳሌ ነገሩን ያጠራዋል። በአማራው አገር ዘፈን በሰፊው የሚሰማው ችክችካ የተባለው ምት የሙዚቃ ባለሙያዎች 6/8 ብለው የሚጽፉት ነው፤ ስድስት ፈጣን ምቶች በሁለት እርምጃ ይከፈላሉ። አሁን ነጠላውን ምት በሦስት በሦስት ከፋፍለን እንምታው፤ ቀግቀ፣ ግቀግ። የመጀመሪያው እርምጃ በቀኝ ሲወድቅ ሁለተኛው በግራ ይወድቃል። ግራ እጅ እንደ ቀኙ ካልጠነከረ ዘፈኑ በአንድ እግሩ ያነክሳል። በዚያው ላይ ሌላ ምሥጢር አለ። እግር ሁለት ጊዜ ሲረግጥ ቀኝ እጅ ሦስት ጊዜ አርፏል፤ በአንደኛው፣ በሦስተኛውና በአምስተኛው ምት። ሰፊው አፍ ሦስት ይቆጥራል፣ እግር ሁለት ይቆጥራል፣ ሁለቱም ልክ ናቸው። በሠርግ ቤት ጨፋሪው ከበሮው «እየጎተተ የሚያስጨፍረው» የሚመስለው በዚህ በሁለትና በሦስት መሳሳብ ነው። ይህን በእጅ ያልለመደ መቺ በጆሮው ቢያውቀውም አያወጣውም።

ልምምዱ እንዴት ይሁን? የመጀመሪያው ሕግ ዝግታ ነው፤ ይህም ለአብነት ተማሪ አዲስ ትምህርት አይደለም። ተማሪው የዮሐንስን መልእክት ሲያነብ በዝግታ በግዕዝ ንባብ ይጀምራል፣ ወደ ውርድ ንባብ ያልፋል፣ ቁም ንባብ የሚባለው ፈጣኑ ንባብ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የእጅም መንገድ ይኸው ነው። አሜሪካዊው ጆርጅ ሎረንስ ስቶን በ1935 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው ዝነኛ የልምምድ መጽሐፉ እያንዳንዱን ስልት ሳያቋርጡ 20 ጊዜ መድገም ያዛል። የመጽሐፉ የመጀመሪያ ልምምድ ቀግቀግ ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ያው ተገልብጦ ግቀግቀ። መጽሐፉን በወጉ የጀመረ ሰው ገና ሁለተኛው መስመር ላይ በግራ እጁ መምራት አለበት።

ፍጥነቱን ለመቆጣጠር በስልክ ላይ የሚጫን ሜትሮኖም ይበቃል። በደቂቃ 60 ላይ ማስተካከልና ለእያንዳንዱ ቆጠራ ሁለት ምት መምታት ለጀማሪ በቂ ነው። ስልክ ከሌለ የግድግዳ ሰዓት ሰከንድ ቆጣሪም በደቂቃ 60 ጊዜ ቀጭ ይላል። ከበሮም የግድ አያስፈልግም። ጉልበት፣ ትራስ፣ የተጠቀለለ ጋቢ ያገለግላል፤ ጎረቤትም አይረበሽም። ትራስ እንዲያውም አንድ ጥቅም አለው፤ የተወጠረ ቆዳ እጅን መልሶ ወደ ላይ ሲወረውር ትራስ ግን አይወረውርም፣ ስለዚህ እጁን የሚያነሣው የመቺው የራሱ አንጓ ይሆናል። ከትራስ ወደ ከበሮ የሚመለስ እጅ ቀሎት ይመለሳል።

በዚህ ላይ ጥንቃቄ የሚሻ ነገር አለ። ድርብ ምት በዘንግ ሲሆን ሁለተኛውን ምት ዘንጉ በንጥረቱ ያግዛል። መዳፍ እንደ ዘንግ አይነጥርም። ስለዚህ «ቀቀ» ለማለት አንዴ ከአንጓ፣ አንዴ ከጣቶች መምታት ያስፈልጋል፤ ክንድን በሙሉ ሁለቴ ማውረድ ግን ቶሎ ያደክማል። የሁለቱ እጆች ከፍታ እኩል መሆኑን በመስታወት ፊት ማየት ይረዳል፤ ከፍ ብሎ የተነሣ እጅ ጮኾ ስለሚወርድ የድምፅ ልዩነት ምንጩ አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ላይ ይገኛል። ቀለበት ይውለቅ። ትከሻ ይረፍ። አንጓ ወይም ክርን ላይ ሕመም ከተሰማ በዚያ ቀን ማቆም ነው፤ ሕመምን እየታገሉ መለማመድ ጉዳትን ያለማምዳል። በቀን 15 ደቂቃ በየዕለቱ መሥራት በሳምንት አንድ ቀን ሁለት ሰዓት ከመሥራት ይበልጣል።

ለከበሮውም ማሰብ ያሻል። የጎጃም ክረምት እርጥብ ነው፣ ቆዳ እርጥበት ሲጠጣ ይላላል፣ የላላ ቆዳ ደግሞ ድምፁ ይታፈናል። ስለዚህ ከበሮ ከመመታቱ በፊት ፀሐይ ላይ ወይም ከእሳት ዳር ራቅ ተደርጎ ይሞቃል። በላላ ቆዳ ላይ የሚለማመድ ሰው ድምፅ ለማውጣት ከመጠን በላይ ይመታል፤ ያ ልማድ በጋ ሲመጣም አይለቀውም።

በቤተ ክርስቲያን ከበሮ ከዚህ ሁሉ በላይ የሆነ ቦታ አለው። ሊቃውንቱ ሰፊው አፍ የመለኮት፣ ጠባቡ የትስብእት፣ በዙሪያው የተወጠረው ጠፍርም ጌታ ሲገረፍ የወጣበት ሰንበር ምሳሌ መሆኑን ያስተምራሉ። አገልግሎቱም ሥርዓት አለው። ቃሉ መጀመሪያ ያለ መሣሪያ በቁም ይባላል፤ በዝማሜ መቋሚያ ይወዛወዛል፤ በመረግድ ጸናጽልና ከበሮ ይገባሉ፤ በጽፋት ምቱ ይፈጥናል፣ ጭብጨባም ይታከላል። ያው አንድ ቃል ከዝግታ ወደ ፍጥነት ደረጃ በደረጃ ይወጣል። በአቋቋም ቤት የሚማር ደቀ መዝሙር ይህንን መሰላል በሰውነቱ ሙሉ ስለሚያጠናው፣ ከሩዲመንት የሚያገኘው ትርፍ የእጅ ብርታት ብቻ ነው። መቼ እንደሚመታና ስንት እንደሚመታ የሚነግረው መሪጌታው እንጂ የቺካጎ ማኅበር አይደለም፤ የእጅ ልምምዱም ቦታው ከቅኔ ማኅሌቱ ውጭ ነው።

ሰውነትን እንዲህ አድርጎ ማሠልጠን በጣና ዙሪያ ሊቃውንት ዘንድ ስም ያተረፈ ጥበብም ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የኖሩት አለቃ ገብረ ሐና በቀልዳቸው ብቻ ይወሳሉ እንጂ ትልቅ የአቋቋም ሊቅ ነበሩ። የጣና ማዕበልና በዳሩ የበቀለው ደንገል ሲወዛወዝ አይተው አዲስ የዝማሜ ስልት እንዳወጡ ይተረካል። ስልቱን ያስተማሩት ለልጃቸው ለተክሌ ሲሆን እስከ ዛሬም «ተክሌ» እየተባለ ይጠራል።

ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ወጣ ሲሉ ደግሞ የከበሮው ባለቤቶች ብዙ ጊዜ ሴቶች ናቸው። በሠርግ ቤት፣ በክርስትና፣ በእንግዳ አቀባበል ከበሮውን ወይም አታሞውን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው የሚያስጨፍሩት እነሱ ናቸው። ትምህርት ቤት አልገቡበትም፤ ከእናትና ከአክስት አይተው ወስደውታል። ከጎጃም ቻግኒ የወጣችው ድምፃዊት እጅጋየሁ ሽባባው ያደገችበትን ዜማ ይዛ የዓለም መድረክ ላይ ስትቆም፣ በዚህ ዓይነት ቤት ውስጥ የተወለደ ምት ምን ያህል ሩቅ እንደሚሄድ አሳይታለች። ሰንበት ትምህርት ቤቶችም ዛሬ ሴት ልጆችን ከበሮ ያስይዛሉ። እነዚህ ልጆች እናቶቻቸው ያልታደሉትን አንድ ነገር፣ በየቀኑ የሚሠራ የእጅ ልምምድን፣ ቢያገኙ በአጭር ጊዜ ብዙ ይራመዳሉ።

ለሰንበት ትምህርት ቤት መምህራን፣ ለባህል ቡድን ኃላፊዎች፣ ቤት ውስጥ ከበሮ ለሚነካ ልጅ ወላጆችም አንድ ጥያቄ ይቅረብ። ለጀማሪው መዝሙሩን ወይም ዘፈኑን ከመስጠታችሁ በፊት፣ ለሁለት ሳምንት ጉልበቱ ላይ ግቀግግ፣ ቀግቀቀ እንዲመታ አድርጉት፤ በዝግታ፣ ድምፁን እያስተካከለ፣ በግራው እየጀመረ።