መጠይቁ ደጃፍ ካልደረሰ፦ የፖስታ ጥናት ንድፍና የቡኢ ቤተሰቦች

በፖስታ ለሚላክ መጠይቅ ምላሽ የሚያሳድጉ ዘዴዎችን አደራጅተው ካቀረቡት መካከል አሜሪካዊው የሶሲዮሎጂ ምሁር ዶን ዲልማን ይጠቀሳል። እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተመው መጽሐፍ እንዳስረዳው፣ መላሹ መጠይቁን የሚሞላው ድካሙ አነስተኛ፣ ጥቅሙ ግልጽ፣ ላኪውም የሚታመን ሆኖ ሲያገኘው ነው። ስለዚህ ደብዳቤው በስም ይላካል፤ ቴምብር የተለጠፈበት መመለሻ ፖስታ ይታከልበታል፤ ከ1፣ ከ3 እና ከ7 ሳምንታት በኋላም ማስታወሻ ይከተላል።

ይህ ንድፍ እያንዳንዱ ቤት የፖስታ አድራሻ እንዳለው ታሳቢ ያደርጋል። በአገራችን ግን ደብዳቤ በአብዛኛው የሚደርሰው በኪራይ ፖስታ ሣጥን ነው። በሶዶ ወረዳ ዋና ከተማ በቡኢ የቤተሰብ ጥናት የሚያካሂድ ተማሪ የሣጥን ተከራዮችን ዝርዝር ናሙና መምረጫ ቢያደርግ፣ ሁሉም ቢመልሱለት እንኳ ሣጥን የሌላቸው ቤተሰቦች ከጥናቱ ውጭ ይቀራሉ። ይህ የሽፋን ጉድለት ነው፤ ማስታወሻ በመደጋገም አይታረምም።

በአካባቢው የተለመደው አማራጭ የቤት ለቤት ጉብኝት ነው። ከቡኢ በስተደቡብ በሚገኘው በቡታጅራ አካባቢ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ የተጀመረው የገጠር ጤና ፕሮግራም ልደትንና ሞትን የመዘገበው በዚህ መንገድ ነው። በ2016ቱ (እ.ኤ.አ.) የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናትም የቤተሰቦች የምላሽ መጠን 98 በመቶ ሲሆን፣ የሴቶች 95፣ የወንዶች ደግሞ 86 በመቶ ነበር። ቤቱ ተገኝቶም ተጠያቂው ላይገኝ እንደሚችል ልዩነቱ ያመለክታል።

ስለሆነም ለቡኢ የሚስማማው የዲልማንን መርሖዎች በእጅ ከማድረስ ጋር ማጣመር ነው። በመጀመሪያ የቀበሌው መዝገብ በእግር ጉዞ ይጣራል፤ በአንድ ግቢ ብዙ ተከራይ ቤተሰቦች ሊኖሩ ይችላሉና። ቀጥሎ የጥናቱን ዓላማና የምስጢር ጥበቃውን የሚገልጽ ደብዳቤ ቀድሞ ይደርሳል። ከዚያም መጠይቁ ከነማሸጊያ ፖስታው ይሰጥና የመረከቢያ ቀን በስምምነት ይወሰናል። ያልተገኘ ሰው በተለያየ ሰዓት፣ ከገበያ ቀን ውጭም ጭምር፣ በድጋሚ ይፈለጋል። ማንበብ ለማይችል ወይም ከአማርኛ ይልቅ ክስታንኛ ለሚቀናው መላሽ ጥያቄው በቃል ይቀርባል፤ አሞላሉም በቅጹ ላይ ይመዘገባል።

በሪፖርቱ ውስጥ እምቢ ያሉ፣ ያልተገኙና መጠይቁ ጭራሽ ያልደረሳቸው ቤተሰቦች ለየብቻ ሊቆጠሩ ይገባል። ሦስቱ በአንድ «ያልመለሱ» በሚል ርእስ ከተጠቃለሉ፣ ጉድለቱ ከመላሹ ይሁን ከንድፉ አንባቢ ሊለይ አይችልም።